የሚተፋው ድርቆሽና የማይረግፈው ፀጉር

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤

ዳማ የምለው ፖኒ (አጭር የፈረስ ዝርያ) አለኝ፤ 31 ዓመቱ ነው። ከመንጋጋ ጥርሶቹ አራቱ ወልቀዋል፤ የቀሩትም አልቀው ለስልሰዋል። ድርቆሽ ስሰጠው ያላምጣል፣ ያላምጣል፣ ከዚያ ጠቅልሎ ይተፋዋል። ጠዋት ጋጣውን ስጠርግ ግርግሙ ሥር የማገኘው እፍኝ እፍኝ የሚያህል እርጥብ ጥቅል ነው። ለስላሳ የተባለ ድርቆሽ ገዛሁ፤ ተፋው። በእጄ ቆራርጬ ሰጠሁት፤ እሱንም ተፋው። ቤተሰቡ ደግሞ «ለሚተፋ ፈረስ ምን ያደክምሻል?» እያለ ትዕግሥቴን ጨርሶታል።

እንዳይራብብኝ ጠዋትና ማታ አንድ ኪሎ ተኩል የተፈጨ ገብስ ከፉሩሽካ ጋር በሞቀ ውሃ አርሼ፣ ሞላሰስ ጨምሬበት እሰጠዋለሁ። እሱን ባልዲውን ልሶ ነው የሚጨርሰው። ግን ጎድኑ በእጅ ይቆጠራል፤ ጀርባው ሾሏል። የደረቱ ዙሪያ 133 ሴንቲ ሜትር፣ ከትከሻው ጫፍ እስከ ታፋው ጫፍ ደግሞ 145 ነው። ፀጉሩ ረጅምና ጥቅልል ስለሆነ ከሩቅ ላየው የከሳ አይመስልም። ሙቀቱ ከገባ ሁለት ወር አልፎታል፤ እሱ ግን አላረገፈም። ብርድ አይነካውም ብዬ ደስ ብሎኛል። ውሃም እጥፍ ይጠጣል። እግሩ እንዳይተሳሰር በየቀኑ ግማሽ ሰዓት አስኬደዋለሁ፤ ጠጠር ላይ ትንሽ ይሳሳል፣ ሲዞርም ይዘገያል፤ እርጅና ነው መቼም።

የማይተፋው ድርቆሽ የትኛው ነው? እውነቱን ልናገርና የጻፍኩት ግን ለሌላ ነው፦ በፍቅር ስም እያሰቃየሁት ይሆን? ላሰናብተው?

መልስ

እህቴ፣ እርጅና ብለው ያለፉት ነገር ነው ያስደነገጠኝ። ፀጉሩን በሙቀት ያላረገፈ፣ ውሃ እጥፍ የሚጠጣ፣ የጀርባው ሥጋ የሟሸሸ፣ ጠጠር ላይ የሚሳሳ አሮጌ ፖኒ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኩሺንግ የሚባለው የዕጢ በሽታ ነው። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ከመጠን በላይ ትሠራለች፤ በብዙዎቹ ላይ ኢንሱሊንም ይዛባል። ኢንሱሊኑ ሲያሻቅብ ሰኮናውን ከውስጥ አጥንት ጋር የሚያያይዘው ሥጋ ይጎዳል፤ ይህ ላሚናይተስ ነው። ችላ ከተባለ አጥንቱ ከቦታው ይንሸራተታል። እርስዎ ደግሞ በቀን ሦስት ኪሎ ገብስ ከሞላሰስ ጋር እያበሉት በጠጠር ላይ ያስኬዱታል። በፍቅር መሆኑን አልጠራጠርም፤ ግን ዛሬውኑ ያቁሙ። ገብሱም፣ ሞላሰሱም፣ ሽርሽሩም ይቅር።

ፉሩሽካውም አብሮ ይቅር። ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ጥቂት ስለሆነ በየቀኑ ሲበዛ ከአጥንቱ ካልሲየም ያስወጣል።

ገብሱን ሲያቆሙ ግን ባልዲው ባዶ እንዳይሆን። ፖኒ ሲራብ ስቡ ወደ ደም ይለቀቅና ጉበቱን ያጥለቀልቀዋል፤ ይህ ይገድላል። እግሩን አመመው ብሎ ማስራብ የሚባል ነገር የለም። አንድ ቀን ሙሉ ምግብ እንቢ ካለ ለነገ ሳይሉ በዚያው ቀን ሐኪም ይጥሩ።

አሁን ወደ ባልዲው። የማይተፋው ድርቆሽ አለ፤ ግን የተፈጨና በውሃ የራሰ ነው። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዝተው፣ በርዝመቱ ደግመው አባዝተው ለ11,880 ሲያካፍሉ 216 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ከክብደቱ ሁለት በመቶ ብንይዝ በቀን 4.3 ኪሎ ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል። ጨርሶ ስለሚተፋ ሁሉም ከባልዲ መግባት አለበት፦ 3.6 ኪሎ የድርቆሽ ፔሌት (ተፈጭቶ በፍሬ መልክ የተጨመቀ ድርቆሽ)፣ 700 ግራም ሞላሰስ ያልገባበት የስኳር ቢት ተረፈ ምርት። በከረጢቱ ላይ የስኳርና የስታርች ድምር ከ10 በመቶ በታች መሆኑን ሳያዩ አይግዙ። ለአሮጌ ፈረስ የተሠራ የቫይታሚንና ማዕድን ድብልቅ በልኩ ይጨምሩበት፤ ጨው ደግሞ በቀን 20 ግራም።

ፔሌቱን በሦስት እጥፍ ውሃ ይዘፍዝፉት፤ በሙቅ ውሃ ግማሽ ሰዓት፣ በቀዝቃዛ ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ቢቱ በአምስት እጥፍ ውሃ ነው፤ የመዘፍዘፊያው ጊዜ እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ ከረጢቱን ያንብቡ። ከዚያ እጅዎን ከትተው እስከ ባልዲው ታች ይመርምሩ። በጣት ሲጫን የማይፈርስ አንዲት ፍሬ እንኳ ካገኙ ውሃ ጨምረው ይቆዩ፤ ያልራሰ ፔሌት ጉሮሮው ውስጥ አብጦ ያንቀዋል። አንገቱን ዘርግቶ ቢያስል፣ ምራቅና መኖ በአፍንጫው ቢወጣ ምግቡንም ውሃውንም አንስተው ሐኪም ይጥሩ። በሙቀት ጊዜ የተረፈው ቶሎ ይኮመጥጣል፤ ከሸተተ ይድፉት፣ ባልዲውንም ይጠቡት።

በቀን አምስት ጊዜ ያድርጉት፦ ጠዋት 12 ሰዓት፣ 4 ሰዓት፣ 8 ሰዓት፣ ማታ 12 ሰዓት፣ ምሽት 4 ሰዓት። ሌሊቱ ረጅም ስለሆነ የመጨረሻውን ከፍ አድርገው በሁለት ባልዲ ይክፈሉት። ገብሱ ጣፋጭ ስለነበር መጀመሪያ ሊያኮርፍ ይችላል፤ ለብ ያለ ይስጡት፣ ትንሽ የደረቀ ናና ይበትኑበት፤ በሞላሰስ ግን አያባብሉት። ውሃውን አብዝቶ ጠጣ ብለው እንዳይቀንሱበት።

ነገ ለሐኪሙ ሦስት ነገር ይጠይቁት። አንደኛ፣ ደም ተወስዶ ኤሲቲኤች (ከፒቱታሪ ዕጢ የሚወጣ ሆርሞን) እና ኢንሱሊን ይመርመር። ኩሺንግ ከሆነ ፐርጎላይድ የሚባል ክኒን አለ፤ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልኩን ይሰጠዋል። ሁለተኛ፣ ሰኮናው ራጅ ይነሳ። ሦስተኛ፣ አፉ በማስከፈቻ መሣሪያና በመብራት ይታይ። የሚነቃነቅ ጥርስ ካለ ይውጣ፤ የቀሩትን ግን «ላስተካክል» ብሎ አብዝቶ የሚሞርድ ባለሙያ አያስነኩት። በዚህ ዕድሜ የተሞረደው ጥርስ ተመልሶ አያድግም።

ማሰናበቱን በተመለከተ ግልጽ ልሁን፦ በወለቀ ጥርስ ብቻ ፈረስ አይሰናበትም። ውሃ የማላመጡን ሥራ ይሠራለታል። እስካሁን የሚስማማውን መኖ ስላላገኘ፣ ስድስት ሳምንት በዚህ ይያዝና በየሁለት ሳምንቱ ደረቱን ይለኩ። የሚወስነው እግሩ ነው። በመድኃኒትም በዕረፍትም ሕመሙ ካልበረደ፣ አብዛኛውን ቀን ተኝቶ ከዋለ፣ ያኔ ሐኪሙ «ጊዜው ነው» ቢልዎት አይከራከሩት።

እስከዚያው ጋጣውን በአንድ ስንዝር ለስላሳ ጉዝጓዝ ይሙሉለት፤ ወደ ውሃው መሄድ እንዳያስፈልገው ባልዲውን እደረቱ ሥር ያምጡለት።