10,000 የሚል ፓወር ባንክ 5,000 የሆነ ስልክ ለምን ሁለቴ አይሞላም?

ወንድሜ፣ «ፓወር ባንኬ 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት (mAh) ይላል፣ የስልኬ ባትሪ 5,000 ነው፣ ግን አንዴ ሞልቶ ሁለተኛው ላይ ግማሽ ገደማ ሲደርስ ያልቃል፤ ተሸውጄ ይሆን?» ብለሃል። አልተሸወድክም። እንደውም እንዲህ ከሠራልህ ደህና ዕቃ ነው።

10,000 የተባለው ውስጡ ያለው ባትሪ በ3.7 ቮልት የሚይዘው ነው። በዋት ሰዓት (የጉልበት መጠን መለኪያ ነው) ሲሰላ 37 ይሆናል። በተለመደው የዩኤስቢ መውጫ የሚወጣው ግን 5 ቮልት ነው። 37ን ለ5 ስታካፍል 7.4 አምፒር ሰዓት፣ ማለትም 7,400 ሚሊአምፒር ሰዓት ላይ ትወርዳለህ። ቮልቱን ከፍ ሲያደርግ ደግሞ የተወሰነው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ስልኩም ሲቀበል የራሱን ያባክናል፤ ቻርጅ ላይ ሆኖ የሚግለው ለዚህ ነው። ፓወር ባንኩን ገልብጠህ ደቃቁን ጽሑፍ አንብብ። ብዙዎቹ ላይ 6,000 ምናምን የሚል ሌላ ቁጥር ታገኛለህ። ስሌትህን በሱ ሥራ።

ለመፈተሽ የስልኩን ፐርሰንት ብቻ አትመን። እኔ የምጠቀመው የዩኤስቢ መለኪያ ነው። ትንሽዬ ናት፤ በፓወር ባንኩና በኬብሉ መሃል ትሰካለች። ቮልቱን፣ አምፒሩን፣ የወጣውን ዋት ሰዓት ሁሉ ታሳይሃለች። መጀመሪያ ፓወር ባንኩን ጢም አድርገህ ሙላ። መለኪያዋን ዜሮ አድርግና ስልክህን አጥፍተህ ሰካ። ስልኩ 80 ፐርሰንት አካባቢ ሲደርስ ንቀለውና ሌላ ስልክ ተካ፤ ፓወር ባንኩ እስኪያልቅ ቀጥል። ከ80 በኋላ ስልኩ ራሱ የሚቀበለውን እየቀነሰ ይሄዳል። አንዳንድ ፓወር ባንክ ደግሞ የሚወጣው በጣም ሲያንስ ምንም ያልተሰካ መስሎት ራሱን ያጠፋል። ሰው ያኔ «አለቀ» ይላል፣ ውስጡ ግን ገና አለ። መብራቶቹን ሳታይ አትፍረድ።

መጨረሻ ላይ ከ37ቱ ዋት ሰዓት 30 እና ከዚያ በላይ ካነበብክ በጣም ጥሩ ነው። አዲስ ሆኖ 20 እንኳን ካልሞላ ግን ቁጥሩ የውሸት ነው፤ መልስላቸው። የቆየ ከሆነ ባትሪው ደክሟል ማለት ነው። ካበጠ ደግሞ ፈተናውም ይቅር፣ ጭራሽ አትጠቀምበት።

ኬብሉንም ቀይረህ ሞክር። በአንድ ቀጭን ኬብል 0.8 አምፒር ላይ ተጎትቶ የነበረ ስልክ፣ ወፈር ያለ ኬብል ስሰካለት ወዲያው ወደ 1.9 ሲዘል አይቻለሁ። በገመድ አልባ ቻርጅ ግን አትለካ፤ ብክነቱ ብዙ ስለሆነ ፓወር ባንኩን ያለ ጥፋቱ ትወቅሰዋለህ።

ስትለካ ያገኘኸውን ቁጥር እዚሁ ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።