«ሌላ» በሚለው መስመር ላይ የተጻፈው

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን አንዲት የፊልም ተማሪ ደብተሯን ታቅፋ ወደ ኤዲቲንግ ክፍሌ መጣች። ከጓደኞቿ ጋር ሆነው ከ13 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆን አጭር አስፈሪ ፊልም ሊሠሩ ነው። መጠይቅ አዘጋጅተው በትነዋል። «በጣም የሚያስፈራህ ወይም የሚያስፈራሽ ምንድን ነው?» ይልና ከሥሩ ይደረድራል፦ ጨለማ፣ መንፈስ፣ ነፍሰ ገዳይ፣ እባብና ሸረሪት፣ ብቻ መሆን፣ ሌላ። የመጣችበት ጉዳይ አጭር ነበር። «ጋሼ፣ ‹ሌላ› ብለው የጻፉትን እንዴት አድርገን ነው የምንቆጥረው? ሁሉም የየራሱን ስለጻፈ ግራፉ ውስጥ አልገባ አለን» አለችኝ።

ሳልመልስላት ቆየሁ። ያልገባኝ መስሏት እንደገና ልታስረዳኝ ጀመረች። ገብቶኝ ነበር። በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ይህንኑ ጥያቄ ጠይቄያለሁ፤ የተሰጠኝንም መልስ ተቀብዬ ሠርቼበታለሁ።

ሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ነበርን፣ አራት ሆነን። የ12 ደቂቃ አስፈሪ ፊልም ልንሠራ ፈለግን፤ መምህራችን ግን «ተመልካቻችሁን ሳታጠኑ ካሜራ አልሰጥም» አሉ። ካሜራው አንድ ብቻ ነበር፤ ለእሱም ወረፋ ይጠበቃል። እኛም ጥናቱን ካሜራ እንደሚያስለቅቅ ወረቀት አየነው። አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄደን 40 መጠይቅ በተንን። ስም አይጻፍም አልናቸው። 38 ተመለሰልን።

ቆጣሪው እኔ ነበርኩ። ወለል ላይ ተቀምጬ ለእያንዳንዱ መልስ አንድ ጭረት እጭራለሁ፤ አራት ሲሞላ አምስተኛውን በላያቸው ላይ አጋድመዋለሁ። ጨለማ፣ ጭረት። ነፍሰ ገዳይ፣ ጭረት። እንዲህ እያልኩ ግማሹን አልፌ አንድ ወረቀት ላይ ደረስኩ። «ሌላ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የተውነው መስመር አጭር ነበር፤ ልጁ ወይም ልጅቱ የጻፈው አልበቃ ብሎት ወደ ኅዳጉ ወጥቷል፣ ከዚያ ጥጉን ዞሮ ወደ ታች ወርዷል። ሰማያዊ እስክሪብቶ ነው። ፊደሎቹ እርስ በርስ ተጣበው ስለነበር ወረቀቱን በእጄ እያዞርኩ አነበብኩት።

«ማታ የውጭ በር ሲከፈት። ቁልፉ ቶሎ ከገባ ደህና ነው። ቀዳዳውን እየሳተ በሩን እየፋቀ ከቆየ ግን መብራቱን አጥፍቼ የተኛሁ እመስላለሁ። እህቴንም አፏን እይዛታለሁ።»

ለሦስቱ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ አንደኛው «ይሄ እኮ አስፈሪ ፊልም አይደለም፤ ድራማ ነው» አለ። «ታዲያ የት ልቁጠረው?» አልኩት። «ሌላ፣ አንድ» አለኝ። ጭረቴን ጫርኩና ወረቀቱን ገልብጬ ከተቆጠሩት ጋር ደረብኩት። ጥናታችን ታይቶ ካሜራው ሲፈቀድልን ወረቀቶቹን በሙሉ ጣልናቸው።

በግራፉ ያሸነፈው ነፍሰ ገዳይ ነበር። ስለዚህ ጭምብል ያጠለቀ ሰው አንዲትን ልጅ በባዶ ትምህርት ቤት ኮሪደር የሚያሳድድበት ታሪክ ጻፍን። ደሙን ያዘጋጀው ያው «ድራማ ነው» ያለው ጓደኛችን ነው፤ ከሽሮፕና ከቀይ የምግብ ቀለም። በሁለተኛው ቀን ቀረፃ የተዋናዩዋ ሸሚዝ እንደ ጣውላ ደርቆ፣ ጉንዳን ወርሮት አገኘነው። ልጅቷ ያንን ሸሚዝ አራግፋ፣ ምንም ሳትናገር መልሳ ለበሰችው። ከዚያ ሁሉ ቀረፃ አጥርቼ የማስታውሰው የእሷን ፊት ነው። ትርፍ ልብስ ማዘጋጀት የማን ሥራ እንደነበር ማናችንም አላሰብንበትም ነበር።

ፊልሙን መጠይቁን ለሞሉት ልጆች ወስደን አሳየን። ጭምብሉ ሲወጣ ሳቁ። ሳቃቸው የንቀት አልነበረም፤ የሚያውቁት ዘመድ እንደመጣ ዓይነት ነበር። ልጅቱ ወደ ምድር ቤቱ ስትወርድ ፊት ረድፍ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ «ማነው እዚያ?» አለች፤ ቀጥላ የእኛ ተዋናይ ያንኑ አለች። ነገሩን ከእኛ በፊት ያውቁታል። አሥራዎቹ ውስጥ ያለ ተመልካች አስፈሪ ፊልም የሚያየው ሕጉን እየቆጠረ ነው፤ የተማረውን ትምህርት መልሶ ብታስተምሩት አይፈራም።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ዝም አሉ። ጭምብሉ ከመምጣቱ በፊት ባዶው ኮሪደር የሚታይበት ሾት አለ። ተዋናያችን ምልክቱን ሳይሰማ ዘግይቶ ስለገባ ሾቱ 20 ሰከንድ ያህል ረዝሟል፤ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ የሆነ ሰው ወንበር ሲጎትት ይሰማል። ልናሳጥረው ፈልገን ነበር። በዚያ ዘመን ግን ኤዲቲንግ ከቴፕ ወደ ቴፕ እየቀዱ ነው፤ መሐል ላይ አንድ ሾት ካሳጠራችሁ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ እንደገና መቅዳት ነው። ጊዜ ስላልነበረን ተውነው። ያ ወንበር ሲጎተት አዳራሹ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው ያለ አይመስልም ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚያ ዕለት ስለ ሰማያዊው ጽሑፍ ጨርሶ አላሰብኩም። ልጁ አዳራሹ ውስጥ፣ ከፊቴ ከተቀመጡት አንዱ ነበር። ትዝ ያለኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ኤዲተር ሆኜ እንጀራዬን ስበላ ነው። ለአንድ ተከታታይ ድራማ የበር ድምፅ ስንመርጥ የድምፅ ባለሙያው ሦስት ቅጂ አሰማኝ። በሦስተኛው ቁልፉ ቀዳዳውን ሁለት ጊዜ ስቶ ብረቱን ፋቀ። ማሽኑን አቆምኩ። «ምን ሆንክ?» ሲለኝ መናገር አቃተኝ። ያ ወረቀት የነገረን አሁን ገባኝ፤ አንድ ልጅ ቤቱ ውስጥ ያለውን ነገር ለአራት ትልልቅ ሰዎች ጽፎ ሰጥቶ ነበር። እኛ ደግሞ በጭረት መልሰንለታል።

እስኪ ያንን ወረቀት እንደ ፊልም ሠሪ እዩት። በአራት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ድምፅ አለ። ሕግ አለ፤ ቶሎ ከገባ ደህና፣ ከፋቀ አደጋ። ስለዚህ ተመልካቹ ቁልፉ በተሰማ ቁጥር ራሱ ይቆጥራል፤ አስፈሪ ፊልምን የሚያንቀሳቅሰው ይህ ቆጠራ ነው። መደበቂያው የታወቀ ነው። የሚጠበቅ ሰው አለ፣ ያውም ድምፅ ልታሰማ የምትችል ሕፃን። የሚመጣው ሰው ደግሞ አንድም ጊዜ አይታይም። ደም የለ፣ ጭምብል የለ። አንድ በር፣ አንድ አልጋና ሁለት ልጆች ይበቃሉ። በተማሪ አቅም ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ለማግኘት ስንት ሌሊት ትቀመጣላችሁ?

ይህን ካልኩ በኋላ ደግሞ ወዲያው እጠራጠራለሁ። ያንን ፊልም መሥራት ነበረብን እላለሁ፤ ሌላ ቀን ደግሞ የዚያን ልጅ ምስጢር ራሱ አዳራሹ ውስጥ በተቀመጠበት በስክሪን ማሳየት ምን ዓይነት ጭካኔ ይሆን ነበር እላለሁ። እስከ ዛሬ አልወሰንኩም። ሳልጠራጠር የምናገረው አንድ ነገር ነው፤ ለትምህርት ቤቱ ሰው መንገር ነበረብን።

ስለዚህ መጠይቅ ከመበተናችሁ በፊት ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋገሩ። የወላጅ ፈቃድ ማስፈለጉን ታውቃላችሁ፤ እሱን አልደግመውም። ከዚያ ያለፈው ግን ይረሳል፤ አንድ ልጅ አደጋ ላይ እንዳለ የሚያሳይ ነገር ቢጽፍ ወረቀቱ ወደ ማን ነው የሚሄደው? ያንን ሰው በስም እወቁት። ለልጆቹም «የምትጽፉትን ለማንም አናሳይም» ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ ልትጠብቁት የማትችሉት ቃል ነው። «የሚጎዳህ ወይም የሚጎዳሽ ነገር እንዳለ ካየን ሊረዳ ለሚችል ሰው እንናገራለን» በሏቸው። እንዲህ ስትሉ አንዳንዱ ሊጽፍ የነበረውን ይተዋል። ይተወው። ከወረቀቱ ግርጌም «ስለዚህ ነገር ከትልቅ ሰው ጋር መነጋገር እፈልጋለሁ» የሚል አንድ ሳጥን ሥሩ፤ ከጎኑ የሚፈልግ ስሙን የሚጽፍበት ቦታ ይኑረው።

ስለ ጥናቱ ራሱ ጥቂት ልበል። «ከ13 እስከ 17» ስትሉ አንድ ተመልካች አይደለም። በእንግሊዝ የፊልም ደረጃ 15 የተሰጠውን ፊልም የ13 ዓመት ልጅ ሲኒማ ቤት ገብቶ ማየት አይችልም፤ 12ኤ የተባለውን ግን ይችላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 የመጣው ፒጂ-13 የተባለ ደረጃ ደግሞ ወላጅን ያስጠነቅቃል እንጂ ልጁን አይከለክልም። ስክሪፕት ከመጻፋችሁ በፊት ለየትኛው ዕድሜ እንደምትሠሩ ቁረጡ፤ ምን ያህል ደም ማሳየት እንደምትችሉ የሚወስነው እሱ ነው። ደሙ ሲቀነስባችሁ አትዘኑ፤ ያኔ ሥራው ወደ ድምፅና ወደ ኤዲቲንግ ይመጣል።

እኔ የዚያ ክፍል ሰው ስለሆንኩ አዳልቼ ይሆናል፤ ግን «ካት ፒፕል» የተባለውን እ.ኤ.አ. የ1942 አስፈሪ ፊልም ፈልጉና አንድ ትዕይንት ብቻ እዩ። አንዲት ሴት በሌሊት በግንብ ሥር ትሄዳለች፤ የሚሰማው እርምጃ ብቻ ነው። ከኋላዋ የነበረው እርምጃ ይጠፋል። ትፈጥናለች። ጆሯችን የአውሬ ድምፅ ሲጠብቅ ፍስስ የሚል ነገር ይፈነዳል፤ አውቶቡስ ቆሞ ነው። ኤዲተሩ ማርክ ሮብሰን ነበር። ዘዴው እስካሁን በፊልሙ ፕሮዲዩሰር በቫል ሉተን ስም «የሉተን አውቶቡስ» እየተባለ ይጠራል። ዛሬ ተማሪዎቼ የሚያመጡልኝ ሥራ ውስጥ አውቶቡሱ ሞልቷል፤ የሚጎድለው ከእሱ በፊት ያለው የእግር ጉዞ ነው። ጩኸቱን ትወዳላችሁ፣ መጠበቁን አትወዱም። ኤዲት ያደረጋችሁትንም በስልክ ስፒከር ሰምታችሁ ጨረስን ትላላችሁ። ቅር የሚለኝ ይኸ ነው። መብራትና ሌንስ ለመዋስ ስትሯሯጡ አያለሁ፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ለአሥር ደቂቃ ቁጭ ብሎ ቤት ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ያዳመጠ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

በሌላ በኩል እናንተ ከእኛ የምትበልጡበት አለ፤ የሚያስፈራችሁን በአፋችሁ ትናገራላችሁ። እኛ አራት ጓደኛሞች አንድ ዓመት ሙሉ አስፈሪ ፊልም ስንሠራ አንዳችን ሌላውን «አንተን የሚያስፈራህ ምንድን ነው?» ብሎ አልጠየቀም።

መጠይቅ አልወድም። ልጆች ፊት ምርጫ ስትደረድሩ ከፊልም የተማሩትን ፍርሃት መልሰው ይሰጧችኋል፤ ከሦስት ልጆች ጋር ቁጭ ብሎ ሲያወሩ መስማት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው «ሃሎዊን» የተባለ አስፈሪ ፊልም ውስጥ ያሉት ልጃገረዶች ንግግራቸው የእውነት ነው፤ ከዳይሬክተሩ ከጆን ካርፔንተር ጋር ስክሪፕቱን የጻፈችው ዴብራ ሂል ናት፣ የልጃገረዶቹንም ንግግር አብዛኛውን የጻፈችው እሷ ናት። እንዲህ ያለ ንግግር ከግራፍ አይገኝም። ግን ደግሞ ያ ልጅ የጻፈውን ፊት ለፊት ብንጠይቀው ኖሮ አይነግረንም ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ስሙ ስለሌለ ነው የጻፈው። ስለዚህ መጠይቁንም በትኑ። «ሌላ» የሚለው መስመር ግን ረጅም ይሁን፤ ግማሽ ገጽ ስጡት።

ለተማሪዋ ያልኳት ይህንኑ ነው። «ሌላ» ያሉትን ከግራፉ አውጪያቸውና እንደተጻፉ፣ ከነስህተታቸው፣ በእጅሽ ገልብጫቸው አልኳት። ስለ ሳጥኑም ነገርኳት። ሁለተኛውን ዙር በአዲሱ ወረቀት በትነው፣ ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ጋርም ተነጋግረው፣ ትናንት 26 ወረቀት ይዛልኝ መጣች። ዘጠኙ «ሌላ» ላይ የተጻፈባቸው ነበሩ። እሷ ታነባለች፣ እኔ አዳምጣለሁ። አንዱ አሳንሰር ውስጥ መስታወት ሲኖር አለ። አንዷ እናቴ ስልክ ሳታነሳ አለች። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ማንበብ ጀምራ አቆመች። ዓይኗ ወደ ወረቀቱ ግርጌ ወረደ፤ ሳጥኑ ላይ ምልክት ነበረበት። ወረቀቱን ሳታሳየኝ ለብቻው አጠፈችውና ስልኳን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ምን እንደተጻፈበት አልጠየቅኳትም።