ድድሽ ስለደማ ፍሎሱን አትተይው

እህቴ፣ «ፍሎስ (የጥርስ መሃል ማጽጃ ክር) ስጀምር ድዴ ደማ፤ ጥርስም ያራርቃል ይሉኛል፤ ልተወው ወይ? ደሴ ውስጥስ የት ይገኛል?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ እኔም የደሴ ልጅ ነኝ፣ መጠቀም ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። አብሽሪ፣ አትተይው።

ብዙዎቻችን ፍሎስን የምናውቀው ቁርጥ ተበልቶ ሥጋ ሲሰነቀር ነው። ሥጋውንማ ያወጣል፤ ዋናው ሥራው ግን ጥርስና ጥርስ በሚነካኩበት ጎን ላይ የሚለጠፈውን የባክቴሪያ ሽፋን መጥረግ ነው። ብሩሽም መፋቂያም እዚያ ድረስ አይገባም። ድድሽን አስቆጥቶ የሚያደማው ይኸው ሽፋን ስለሆነ፣ ማታ ማታ ሳታቋርጪ በእርጋታ ከጠረግሽው መድማቱ በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል። የእኔም የቆመው እንዲሁ ነው።

አያያዙን ግን አደራ። 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጠሽ በሁለቱ መሃል ጣቶችሽ ላይ ጠምጥሚው፤ መሃል ላይ ጥቂት ብቻ ይቅር። እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ እያልሽ ቀስ አድርገሽ አስገቢው፤ በኃይል ከጫንሽው ዘሎ ድዱን ይቆርጣል። ከገባ በኋላ አንዱን ጥርስ እንዲያቅፍ አጠፍ አድርገሽ፣ ከድዱ ጠርዝ ትንሽ ገባ ብለሽ ላይ ታች ጥረጊ። ከዚያ ደግሞ በዚያው ክፍተት ውስጥ ፊት ለፊቱ ያለውን ጥርስ። ሰው የሚዘለው ይህን ነው።

ያራርቃል የሚሉሽ ልክ አይደሉም። ያበጠ ድድ ሲሟሽሽ ተሸፍኖ የነበረ ክፍተት ይታያል፣ ያኔ ፍሎሱ ይታማል። ድድ የሚጎዳውስ በስቴኪኒ መጎርጎር ነው። የስፌት ክርም ይቅርብሽ፣ ይቆርጣል፣ ተበጥሶም ውስጥ ይቀራል።

እኔ የምገዛው ፒያሳ አካባቢ ካለ ፋርማሲ ነው። ጥርስሽ የተጠጋጋ ከሆነ ሰም የተቀባውን ጠይቂ፣ በቀላሉ ይገባል።

አንድ ነገር ልብ በይ። ክሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እየተተለተለ ከወጣ ዝም አትበይ። የእኔ ላይኛው መንጋጋ ላይ እንዲህ ሲያደርግ ሐኪም ጋ ሄድኩ፤ በጎን በኩል የጀመረ ቀዳዳ ነበረ፣ ሕመም ሳይመጣ ተሞላ። መድማቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለም ሂጂና ታዪ። ጠጥሮ የተጋገረ ቆሻሻ በክር አይለቅም፣ ጥርስ ሲታጠብ በሐኪሙ መሣሪያ ነው የሚነሳው።