ሆዱን የሚያመው በትምህርት ቀን ብቻ ነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ሁለት ወር ሆነው፣ ጠዋት ጠዋት ሆዴን ይላል። ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ ተመረመረ፤ አልትራሳውንድም ታየ። ምንም የለበትም ተባልን። ቅዳሜና እሁድ ግን ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት ስልኩ ሳያቋርጥ ሲጮህ አየት ባደርግ፣ የክፍሉ ልጆች ግሩፕ ውስጥ ፎቶውን አበላሽተው ለጥፈው ይስቁበታል። ስጠይቀው «ቀልድ ነው፣ ተይኝ» ብሎ ጮኸብኝ። አባቱ «ይጠንክር፣ እኛም አልፈንበታል» ይላል። እኔ ደግሞ ፎቶውን የለጠፈውን ልጅ እናት አግኝቼ ልክ ልኳን ልነግራት አምሮኛል። ሐኪም ዘንድ ልመልሰው ወይስ ትምህርት ቤት ልቀይረው?

መልስ፦ ከሆዱ ልጀምር። ልጅዎ አልዋሸም፤ በእርግጥ ያመዋል። ሰው ሲፈራ አድሬናሊንና ኮርቲዞል የተባሉ ሆርሞኖች ይበዛሉ። ልብ ይመታል፣ አንጀትም ይታወካል። ሆድ በነርቭ የተሞላ ስለሆነ ጭንቀት ቶሎ ይሰማዋል። «ሆዴን ባር ባር አለኝ» የምንለው ያለ ነገር አይደለም። ሐኪሞቹ «ምንም የለበትም» ሲሉ ቁስል ወይም ኢንፌክሽን አላገኘንም ማለታቸው ነው። እሱ ግን «ውሸታም» እንደተባለ ቆጥሮት ይሆናል። ስለዚህ «ምርመራው ደህና ነው፣ ሕመምህ ግን እውነት ነው» ብለው ይንገሩት። ደግሞ ሕመሙ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ከሆነ፣ ከከሳ፣ ትኩሳት ካለው ወይም ሰገራው ላይ ደም ካዩ፣ ነገሩን ለጭንቀት ብቻ አይስጡትና መልሰው ያስመርምሩት።

አሁን ወደ ቀልዱ። ልጆች ሙድ ይያያዛሉ፣ ያለ ነው። የትምህርት ቤት ማሸማቀቅን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያጠናው ዳን ኦልቬውስ ግን ሦስት መለያዎች አስቀምጧል፦ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው፣ ይደጋገማል፣ የሚጠቃው ልጅ ደግሞ በጉልበትም ይሁን በሰው ብዛት አቅም ያንሰዋል። ሙሉ ክፍል በአንድ ልጅ ላይ ሲስቅ ሦስተኛውን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ድሮ ቢያንስ ቤት ሲገቡና በር ሲዘጉ ይቆም ነበር። አሁን አልጋ ድረስ ይከተለዋል።

ለአባቱ አንድ ነገር ልበል። «አልፈንበታል» ያሉት ለራሳቸው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ልጅ ያልፍበታል። እንግሊዝ ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. በ1958 የተወለዱ ልጆችን እስከ 50 ዓመታቸው የተከታተለ ጥናት አለ። በ7 እና በ11 ዓመታቸው ይሸማቀቁ የነበሩት፣ አርባ አምስት ዓመት ሲሞላቸውም ድብርትና ጭንቀት ከሌሎቹ ይልቅ በርክቶባቸው ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደግሞ ከአእምሮ ሕመሞች ሲሶ ያህሉ የሚጀምሩት ከ14 ዓመት በፊት፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከ18 ዓመት በፊት ነው። 13 ዓመት ዝም ብሎ የሚታለፍበት ዕድሜ አይደለም።

«ተይኝ ብሎ ጮኸብኝ» ያሉትን ሁለቴ አነበብኩት። ድብርት ሲባል ጥግ ይዞ የሚያለቅስ ልጅ ነው የሚታየን። በዚህ ዕድሜ ግን ብዙ ጊዜ የሚወጣው በቁጣና በመነጫነጭ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ስሜቱ ከተበላሸ፣ እንቅልፉ ወይም የምግብ ፍላጎቱ ከተቀየረ፣ ውጤቱ ካሽቆለቆለ፣ ይወደው የነበረውን ነገር እርግፍ አድርጎ ከተወ፣ አዎ፣ ሐኪም ዘንድ ይመልሱት። በዚህኛው ዙር ግን የሚሄዱት ስለ ሆዱ ሳይሆን ስለ ስሜቱ ለመነጋገር መሆኑን አስቀድመው ይንገሩ። የልጆች ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም የሥነ አእምሮ ሐኪም ማየት ይችላል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ እርስዎ ራስዎ እንዲጠይቁት እፈልጋለሁ፦ «መኖር የሚያስጠላህ ጊዜ አለ? ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ወላጆች ይህን ስነግራቸው ይደነግጣሉ። ያላሰበውን አሳስበው ይሆን ብለው ይፈራሉ። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ይልቁንም ብዙ ልጆች የሚጠይቃቸው ሰው በማግኘታቸው እፎይ ይላሉ። «አዎ» ካለ አይቆጡ፣ ብቻውን አይተዉት፣ መድኃኒትና ስለት ነገር ከአጠገቡ ያርቁ፣ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

እንዴት ላናግረው ይሉ ይሆናል። ፊት ለፊት አስቀምጠው እንደ መርማሪ ፖሊስ አይሁኑበት። ጎን ለጎን ሆኖ ማውራት ይቀላል፤ መንገድ ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ ዕቃ እያጠባችሁ። «ማነው እሱ?» ብለውም አይጀምሩ። «ግሩፑ ላይ ያየሁት ነገር እኔን ቢሆን በጣም ያመኝ ነበር» ብለው ዝም ይበሉ። ዝምታው ይረዝምብዎታል፤ ይቻሉት።

አንድ ጊዜ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ክፍሌ ገባች። የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቷ ጎትታ ይዛዋለች። የምጠይቃትን ሁሉ እናትየው ናቸው የሚመልሱት። በትሕትና ውጭ እንዲጠብቁን ለመንኳቸው። በሩ እንደተዘጋ ልጅቷ መጀመሪያ ያለችኝ «ከነገርኩህ ስልኬን ይቀሙኛል?» ነው። አምስት ወር ሙሉ አፏን የዘጋው ይኸው ነበር። ስልኩ የሚሰድቧትም የምትወዳት ጓደኛዋም ያሉበት ነው፤ መቀማት ለእሷ ሁለተኛ ቅጣት ነው። ስለዚህ የልጅዎን ስልክ አይውሰዱ። መልእክቶቹን ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ አብራችሁ ስክሪንሾት አንሱ፣ የሚሰድቡትን አብራችሁ ብሎክ አድርጉ። ማታ ማታ ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር፤ የእርስዎም ጭምር፣ አለበለዚያ አይሰማዎትም።

የዚያኛውን ልጅ እናት አሁን አያግኟት። ንዴትዎ ይገባኛል። ግን እሷም ለልጇ ትቆማለች፣ ሁለት እናቶች ትጣላላችሁ፣ በማግስቱ ዕዳው የሚወድቀው ልጅዎ ላይ ነው። ስክሪንሾቶቹን ይዘው ወደ ትምህርት ቤቱ ይሂዱ፤ ከመሄድዎ በፊትም ለልጅዎ ምን እንደሚሉ ይንገሩት፣ ያስፈቅዱት። እዚያ ሲደርሱ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ማን ይከታተለዋል፣ ምን ይደረጋል፣ መቼ ተገናኝተን እናየዋለን። ቢቻል በጽሑፍ። «ሁለቱን አቀራርበን እናስታርቃቸው» ካሏችሁ እሺ አይበሉ። እርቅ ለተጣሉ እኩዮች ነው። እዚህ ግን አንዱ አሸማቃቂ፣ አንዱ ተሸማቃቂ ነው፤ በግድ መጨባበጡ ልጅዎን ያሳንሰዋል።

ይልቅ ማሸማቀቁን ቆመው ስለሚያዩት ልጆች ይጠይቁ። ካናዳ ውስጥ የትምህርት ቤት ግቢን በካሜራ የተከታተሉ ተመራማሪዎች እንዳዩት፣ ከአጠገብ ያለ ልጅ ጣልቃ ሲገባ ከግማሽ በሚበልጠው ጊዜ ማሸማቀቁ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። አንድ ልጅ ይበቃል። አስተማሪው ልጅዎን ከማን አጠገብ ያስቀምጠው፣ በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር ይሁን የሚለው ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ እኔ ከመድኃኒት አስቀድመዋለሁ።

መድኃኒት ካነሣን አይቀር፦ ለቀላል ድብርትና ጭንቀት የመጀመሪያው ሕክምና የንግግር ሕክምና ነው። ከበድ ሲል ሐኪሙ እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ መድኃኒት ሊጨምር ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ራስን የመጉዳት ሐሳብ እንዳይመጣ የቅርብ ክትትል ያስፈልጋል። በራስዎ የእንቅልፍ ክኒን ገዝተው አይስጡት።

ሆዴን ባለ ቁጥር ቤት ማስቀረትም አይረዳውም። ለዛሬ ይገላግለዋል፤ ፍርሃቱ ግን ነገ አድጎ ይጠብቀዋል። ግማሽ ቀንም ቢሆን ይሂድ፣ ሲያቅተው የሚሄድበት አንድ የሚያምነው አስተማሪ ይኑረው።

ትምህርት ቤት መቀየሩን አልከለክልዎትም። ተነጋግራችሁ፣ ጠብቃችሁ፣ ጥቃቱ ካልቆመ ወይም እጅ የሚሰነዝሩበት ከሆነ ይቀይሩት። ግን ልጁ ራሱ ይጠየቅ፤ ሁለት ጥሩ ጓደኞች እዚያ ሊኖሩት ይችላሉ። ግሩፑም እንደሆነ ስልኩ ውስጥ ነውና፣ እሱን ሳያስተካክሉ ቢቀይሩት አብሮት ነው የሚሄደው።