ደረቀ የተባለ ሸክላ እቶን ውስጥ ለምን ይፈነዳል?

ጥያቄ፦ ግድግዳው ወፍራም የሆነ የአበባ መትከያ ሠርቼ ሁለት ሳምንት ጥላ ውስጥ አደረቅሁት። እቶኑ 150 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ፈነዳ። አብረውት የነበሩት ስስ ሳህኖች ምንም አልሆኑም። ቀጣዩን አንድ ወር ባቆየው ይሻላል?

መልስ፦ ወር ቢያቆዩትም ያው ነው። ሸክላ በአየር ብቻ እስከ ውስጡ አይደርቅም። መጀመሪያ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ልቅ ውሃ ይወጣል። ዕቃው የሚኮማተረውም ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ቅንጣቶቹ ላይ በስሱ የተለጠፈ ውሃ ይቀራል። አየሩ ሲረጥብ ሸክላው መልሶ ይጠጣል። ስለዚህ በእጅ ዳስሶ «ደርቋል» ማለት አያዋጣም።

ይህን ውሃ የሚያላቅቀው ሙቀት ነው። ጣጣው 100 ዲግሪ ሲታለፍ ይመጣል። ውሃ እንፋሎት ሲሆን መጠኑ 1,600 ጊዜ ያህል ይጨምራል። ከስሱ ሳህን ቶሎ ሾልኮ ይወጣል። ከወፍራሙ ግን መውጫ ያጣና ግድግዳውን ይገነጥለዋል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ውሃው ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን አያሰላም። ደግሞ ቴርሞሜትሩ የሚያሳየው የእቶኑን አየር ነው፤ የግድግዳው ውስጥ ወደኋላ ይቀራል።

እቶኑን ከ80 እስከ 95 ዲግሪ አድርሰው እዚያው ያቆዩት። ክዳኑን ገርበብ ያድርጉ። ማለቁን ለማወቅ ቀዝቃዛ መስታወት መተንፈሻው አጠገብ ለአፍታ ይያዙ። ጉም ከለበሰ ገና ነው። እኔ ከሰዓት ይልቅ መስታወቱን አምናለሁ።

አፈርዎ ቤንቶናይት ካለበት ከ100 በኋላም አይቸኩሉ። ይህ ማዕድን በንብርብሮቹ መካከል ውሃ ስለሚይዝ እስከ 200 ዲግሪ ገደማ መልቀቁን ይቀጥላል። ጭቃው ላይ የተፈጨ ገል ቢቀላቅሉ ለውሃው መንገድ ይከፍትለታል፤ ለወፍራም ዕቃ ግድ ነው ባይ ነኝ።

ከ450 እስከ 600 ዲግሪ ባለው ደግሞ በማዕድኑ ውስጥ በኬሚካል የታሰረው ውሃ ይለቀቃል። ካኦሊን የተባለው ነጭ የሸክላ አፈር ንጹሕ ከሆነ ከክብደቱ 14 በመቶ ያህል ያጣል። ብዙ ነው፤ ግን ቀስ እያለ ስለሚወጣ እምብዛም አያፈነዳም። የእርስዎ በ150 ስለፈነዳ እሱን አይጠርጥሩት።

ሲያደርቁም ሙቀት ያግዝዎታል። ውሃ በ50 ዲግሪ ከ20 ዲግሪው ይልቅ በእጥፍ ገደማ ይቀጥናል፤ በጠባቡ ቀዳዳም በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ ዕቃውን በላስቲክ ሸፍነው ሞቅ ያለ ቦታ ያቆዩት። ውስጡ ድረስ ሲሞቅ ላስቲኩን ቀስ በቀስ ይግለጡ። ንፋስ ላይ ካወጡት ግን ውጪው ቀድሞ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ታቹም አየር እንዲያገኝ ፍርግርግ ላይ ያስቀምጡት።