አለት ሲላላ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ወጣቶች

ልጆቼ፣

በ2017 ዓ.ም በአዋሽ በኩል በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ ብዙዎቻችሁ «ሊፈነዳ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቃችኋል። ጂኦፊዚክስ (የመሬትን ውስጥ በፊዚክስ የሚመረምር ትምህርት) ለማጥናት የምታስቡ ካላችሁ፣ ከአለቱ ራሱ መልስ የሚፈለግበትን አንድ መንገድ ልንገራችሁ።

መሬት ዝም ብላ አታውቅም። የባሕር ማዕበል ሌት ተቀን የሚፈጥረው ስስ ንዝረት እዚህ ድሬ ድረስ ይመጣል። ሁለት ሴይስሞሜትሮች (የመሬት ንዝረት መመዝገቢያ መሣሪያዎች) ሳያቋርጡ ከመዘገቡት፣ መዝገቦቹን በኮሪሌሽን፣ ማለትም አንዱን በሌላው ላይ እያንሸራተቱ የሚመሳሰሉበትን በመፈለግ፣ አስተያይቶ ሞገድ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድበትን ጊዜ ማውጣት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 ጃፓን በ9.0 ማግኒቲዩድ ከተናወጠች በኋላ በዚህ ዘዴ ሲታይ፣ የሞገዱ ፍጥነት ጎልቶ የቀነሰው መሬቱ ከተሰበረበት ስፍራ ራቅ ባሉት በእሳተ ገሞራዎቹ ሥር ነበር፤ ፉጂ ተራራ አንዱ ነው። ምክንያቱ የታመቀ ፈሳሽ ነው። ሙቅ ውሃና ጋዝ ስንጥቆቹን ከውስጥ ገፍተው ስለያዙ አለቱ አጥብቆ አልተጫነም፤ ሲናወጥ ቶሎ ይላላል፣ ሞገዱም ይዘገያል። ከዚያ ቀስ በቀስ ያገግማል።

ቅናሹ 0.1 በመቶ ገደማ ነው፤ በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ከሚሄድ ሞገድ ላይ 3 ሜትር። ይህን ያህል ትንሽ ለውጥ ቀድሞ በሚደርሰው ሞገድ ላይ ለማየት ስለሚያስቸግር የሞገዱን ጭራ ተመልከቱ፤ ከአለት አለት እየተላተመ ዘግይቶ የሚደርሰውን። 50ኛው ሰከንድ ላይ መዘግየቱ 0.05 ሰከንድ ይሆናል፤ በሰከንድ 100 ጊዜ በሚመዘግብ መሣሪያ 5 የመዝገብ ነጥብ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የመሣሪያውን ሰዓት የሚያስተካክለው ጂፒኤስ ምልክት ካጣ ሰዓቱ ይንሸራተትና የአለት ለውጥ ይመስላል። መለያው ይኸው፦ የሰዓት ስህተት የኮሪሌሽኑን ሁለት ጎኖች (አንዱ ከመጀመሪያው ጣቢያ ወደ ሁለተኛው፣ ሌላው በተቃራኒው የሚሄደውን ሞገድ የሚያሳየውን) አንድ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋቸዋል፤ የአለት መላላት ግን ሁለቱንም ወደ ውጭ ይለጥጣል፣ ወደ ጭራው በሄዳችሁ ቁጥርም መዘግየቱ ይጨምራል። ዝናብም ያታልላል። ውሃ ሲሰርግ ፍጥነቱ ይወርዳልና የዝናቡን መጠን ከፍጥነቱ ግራፍ ሥር አብራችሁ ሳሉት። ከ1 ኸርዝ (በሰከንድ አንድ ንዝረት) በላይ ያለው ሞገድ የላይኛውን ሽፋን ስለሚያይ ይበልጥ ይታለላል፤ ከ0.1 እስከ 0.9 ኸርዝ ያለው ጠለቅ ይላል።

መሣሪያውን ደቻቱ አሸዋ ላይ፣ ዛፍ ሥር ወይም ባቡር ሐዲድ አጠገብ አትትከሉ። ባቢሌ ላይ የተደራረቡት ግራናይቶችም እንዳያሳስቷችሁ፤ ተነጥሎ የቆመ ድንጋይ በንፋስ ለብቻው ይወዛወዛል። ከሥሩ ጋር የተያያዘውን አለት ፈልጉ።

ውጤቱ የሚናገረው በጣቢያዎቹ መካከልና ዙሪያ ስላለው አለት ነው። ድሬዳዋ ከፈንታሌ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ጣቢያዎቹ ፈንታሌን ከበው መቆም አለባቸው። ቅናሽ ብታገኙ እንኳ ግፊት ያለበትን ቦታ ይጠቁማል እንጂ የፍንዳታ ቀን አይነግራችሁም፤ ይህን ሳትጨምሩ ቁጥሩን ለአዋሽ ሰው አትንገሩት። ከመናወጡ በፊት የተያዘ መዝገብ ከሌለ ደግሞ ማነጻጸሪያ የለም፤ መሣሪያው መሬቱ ጸጥ ባለበት ጊዜ ተተክሎ ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይመዝግብ።