ሐረጎን ሲወርዱ የሚጮህ ፍሬን

አንድ የደሴ አንባቢ እንዲህ ብለው ጠይቀዋል፦ «የምነዳው ማኑዋል ኮሮላ ነው። በየቀኑ ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ። የፊት ፍሬን ሸራ ካስቀየርኩ ገና ሁለት ወሩ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሼ ኮምቦልቻ ስገባ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ሲጥ ይላል። ጋራዥ ሳሳየው ሸራው አይረባም፣ ሌላ ግዛ አሉኝ። ልግዛ?»

አብሽሩ፣ ገና አይግዙ። ጎማው ሳይፈታ ሸራ ግዙ የሚል ምክር አልወድም።

ፍሬን መቼ እንደሚጮህ ማወቅ ግማሽ ምርመራ ነው። ጠዋት ሁለት ሦስት ጊዜ ጮሆ ዝም የሚል ከሆነ ሌሊት በእርጥበት ዲስኩን፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውንና ሸራው የሚይዘውን ክብ ብረት፣ የያዘው ዝገት ነው። ደሴ በክረምት ይህ ያለ ነው፤ ይተዉት። ፍሬን ሳይነኩ እየሄዱ ቀጭን ጩኸት ከተሰማ ደግሞ ሸራው ሳያልቅ አይቀርም። ብዙ ሸራዎች ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አለች። ሸራው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ዲስኩን እየነካች እንድትጮህ ታስባ የተሠራች ናት። ብረት ከብረት ሲፋጭ ከሰሙ ግን መኪናውን ያቁሙት።

የእርስዎ ግን ቁልቁለቱን ከወረዱ በኋላ፣ ያውም ፍሬን ሲይዙ ነው። እኔ የምጠረጥረው ሙቀትን ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። በአራተኛ ማርሽ እግርን ፍሬን ላይ ጥሎ ከተወረደ ሸራው ይግላል፤ ፊቱ ይደርቅና ያብረቀርቃል። ያን ጊዜ ዲስኩን አጥብቆ መያዙ ቀርቶ ይንቀጠቀጥበታል። ጩኸቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። አዲስ ሸራ ቢገዙም አነዳዱ ካልተቀየረ ያው ይሆናል።

ስለዚህ መካኒኩን ሁለቱንም የፊት ጎማ ያስፈቱት። የውስጡና የውጪው ሸራ ውፍረት እኩል ነው? አንዱ ብቻ ከሳሳ ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ተይዘው ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ሸራው ዲስኩን አልለቅ እያለ ነው የሚግለው። ፒኖቹ ይጽዱ፣ ሙቀት የሚችል የፍሬን ግራሶ ይቀቡ። ተራ ግራሶ አይሆንም። የሸራው ፊት ካብረቀረቀና ካልተሰነጠቀ በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጎ መፈተግ ይበቃል። ከተሰነጠቀ ወይም ከተፈረፈረ ግን የቀኙም የግራውም አብሮ ይቀየር። አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ እንጂ በአየር አይነፋ፤ ለሳንባ መጥፎ ነው።

ጩኸቱን ላጥፋልዎ ብሎ ሸራው ላይ ዘይት ጠብ የሚያደርግ ካጋጠመዎት ቁልፍዎን ተቀብለው ይሂዱ። ዘይት የነካው ሸራ አይይዝም፤ ሐረጎ ላይ ይህ የነፍስ ጉዳይ ነው።

አወራረዱን በተመለከተ፣ ሐረጎን ሽቅብ የሚወጡበትን ማርሽ ለመውረድም ያስገቡት፤ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ። ማርሹን የሚቀንሱት ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። ሞተሩ ይያዝልዎ። ሲያስፈልግ ፍሬኑን ጠንከር አድርገው ይያዙና ይልቀቁት፣ እንዲተነፍስ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መውረድ ፈጽሞ አይሞከርም።

ፔዳሉ እየላላ ወደ ታች ከሰመጠ የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ ሊሆን ይችላል። ዘይቱ በጊዜ ብዛት እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ያስቀይሩት። መንገድ ላይ ከገጠመዎት ማርሽ ይቀንሱ፣ ዳር ይዘው ያቁሙ፣ ጎማውን በድንጋይ ያስደግፉና እስኪበርድ ይጠብቁ። ውኃ ግን አይድፉበት፤ የጋለ ዲስክ በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል።